ለእትዬ መትረየስ የሚሆን ኮምፒውተር

ጥቅምት 5 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የሞላ፣ ቤትዎ የሞቀ፣ ጠዋት ሲነሱ ወገብዎ የማይቆጣ ይሁን። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ከእናቴ ጉልበት በቀር። እሱም ቢሆን ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያመው።

አያውቁኝም። የእርስዎ እናትና የእናቴ እናት እህትማማቾች ናቸው፤ ስለዚህ እኔ የአክስትዎ የልጅ ልጅ ነኝ ማለት ነው። እናቴ «ሽቦ» ነው የምትልዎት። ልጅ ሳሉ የቤቱን ሬዲዮ ፈትተው መግጠም ሲያቅትዎ ሽቦውን ትራስ ውስጥ ደብቀው፣ ተኝተውበት ስለተያዙ ነው አሉ። በዚህ ስም በማንሳቴ ይቅርታ፤ በእኛ ቤት ሌላ ስም የለዎትም። ኢሜይል ልላክ ብላት «ሽቦ በወረቀት ካልሆነ አይመልስም» አለችኝ። ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው በወረቀት! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ላውቅዎት ጓጉቻለሁ።

አምና በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄአለሁ፤ በማዕረግ። ይህችን «በማዕረግ» የምትል ቃል ስምንት ወር ሙሉ በየቢሮው በር ይዤ ዞሬ የጠየቀኝ ሰው ስላልተገኘ እርስዎ ላይ ልጨርሳት ነው። አሁን ግን ሥራ አግኝቻለሁ፣ ለሦስት ወር ሙከራ። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የጽሕፈት ቢሮ ነው። ውል፣ ኑዛዜና አቤቱታ ይጻፍበታል፤ የተጻፈው ሁሉ ቅጂው እዚያው ይቀመጣል፣ ባለጉዳዩ ወረቀቱ ሲጠፋበት ተመልሶ ይመጣል። ይህንን ለእናቴ ስነግራት «የት?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ሌላ ሳትናገር ተነስታ የእርስዎን አድራሻ አመጣችልኝ።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣

«ስሚ ልጄ፣ አምስት ኮምፒውተር ልገዛ ነው። ጸሐፊዎቼ ተከፋፍለው ይጨቃጨቁብኛል። አንዷ ዊንዶውስ ትላለች፣ አንዱ ማክ ይላል፣ አንድ ያንቺ ቢጤ ደንበኛ ደግሞ በነጻ የሚገኝ ሊኑክስ የሚሉት አለ አለኝ። መርምሪና ፍረጂ። ፍርዱ አንድ ቃል፣ ምክንያቱ አንድ ገጽ። ሁለት ገጽ አላነብም፤ ድርሻዬን አንብቤ ጨርሻለሁ» አሉኝ።

ይኸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ከኮምፒውተር ሱቁ አልወጣሁም። ባለሱቁ «አንቺ ልጅ፣ ወይ ግዢ ወይ ተቀጠሪ» ብሎኛል። ጋሼ፣ ሦስቱም እንዴት ያማሩ ናቸው! ዊንዶውስ የማያውቀው ሰው የለም፤ የትኛውንም ፕሪንተር ብሰካበት የቆየ ወዳጅ እንዳገኘ ሁሉ ወዲያው ይግባባዋል። ስለ ማክ ሳወራ ደግሞ ድምፄ ይለወጣል ይሉኛል። ክዳኑን በአንድ ጣት ነው ያነሳሁት፤ ታቹ ንቅንቅ አላለም። ፊደሉ በቀለም የታተመ ነው የሚመስለው። ሊኑክስን ሳስብ ግን ሰዎቹ ናቸው የሚደንቁኝ፤ ሺህ ሰው፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ፣ በየቤቱ ቁጭ ብሎ ሠርቶ ለማንም የሰጠው ነገር! ባለሱቁ ከመደርደሪያ ሥር አቧራዋን አራግፎ ያወጣት ማሽን ላይ ብጭነው ስሟ እንደተጠራ ተማሪ ብድግ አለች።

ከክርክሩ ውጭ የሆነች አንዲት ወንበር አለች። ጥጉ ላይ እትዬ ተቀምጠዋል፤ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ መትረየስ» ይላቸዋል። ባለጉዳዩን ፊት ለፊት እያዩ፣ እጃቸውን አንዴም ሳያዩ ነው የሚጽፉት። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ እሳቸው ጽፈው ጨርሰዋል። አንዳንዴም ይቀድሙታል፤ «ይኸው፣ ልትለኝ ያሰብከው ይሄ ነው፣ ፈርም» ይሉታል። ኮምፒውተራቸው በዕድሜ ከእኔ በጥቂት ብታንስ ነው፤ የቁልፎቿ ጽሑፍ ተፍቆ አልቆ ሁሉም መላጣ ሆኗል። አንድ ቀን እሳቸው ወጣ ሲሉ «ሰላም» ብዬ ልጽፍባት ሞከርኩ፤ የወጣው ለሰው የማይነገር ነገር ነው።

እንግዲህ ልምድ ያለዎት እርስዎ ነዎት። የትኛውን ልበል? ከምክር በቀር ምንም አልጠይቅዎትም። እናቴ «ከጻፍሽ አይቀር የጉልበት ማሰሪያ ጨምሪበት» ብላኛለች፤ እኔ እንዳልሰማሁ ሆኛለሁ፣ እርስዎም እንዳላነበቡ ይሁኑ።

አክባሪዎ፣ የአክስትዎ የልጅ ልጅ


ኅዳር 2 ቀን

ለአክስቴ የልጅ ልጅ፣

ፈጣሪ እግርሽን ከሚያንሸራትት ደረጃ፣ ዓይንሽን ከሚያብረቀርቅ ስክሪን ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እርስዎ» ስትዪኝ ከኋላዬ የቆመ ሽማግሌ ያለ መስሎኝ ዞሬ አየሁ፤ ግድግዳ ነው። አንተ በይኝ። በማዕረግ መመረቅሽን ሳነብ ከመቀመጫዬ ብድግ ብያለሁ፤ ብቻዬን ስለነበርኩ ምስክር የለኝም።

እኔ የምሠራው በአንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነው። ከጭንቅላቴ በላይ የውኃ ቧንቧ ያልፋል፤ ፎቅ ላይ ሰው እጁን በታጠበ ቁጥር እሰማዋለሁ። ሁለት መቶ አርባ ኮምፒውተር በእጄ ነው፣ ሦስቱም ዓይነት። ማን ይሻላል ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው ስሰማ ሦስቱንም ገልጦ አላያቸውም እላለሁ። ዊንዶውስ የድሮ ወዳጁን አይክድም፤ ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የተሠራ ፕሮግራም አምጥተሽ ስትሰጪው አገላብጦ አይቶ ያስገባዋል። ማክን ስፈታ የማንም ዓይን የማያርፍበት የውስጥ ጎኑ እንኳ ተለስልሶ አገኘዋለሁ፤ እንዲህ የሚሠራ ሰው ለራሱ ክብር አለው። ሊኑክስ ደግሞ የመጽሐፍ ዝርዝራችንን ተሸክሞ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይጠፋ ቆሟል። እኔ በዚያ ጊዜ ስንት ጊዜ ታመምኩ!

ስለዚህ አስቀድመሽ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው እይ። ለእናንተ ቢሮ ዊንዶውስ ያዋጣል፤ ጸሐፊ ሲለወጥ አዲሱ ሳይማር ይቀመጥበታል። አንድ ቃልሽ እሱ ይሁን።

አሮጌዋን ግን ጊዜሽን አታጥፊባት። ስክሪኗ ግራ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ማለት ከጀመረ አበቃላት። ያለውን አትሙና ጣሏት።

የጉልበት ማሰሪያው አብሮ ተልኳል። አላነበብኩም።

ሽቦ


ኅዳር 21 ቀን

ለጋሼ ሽቦ፣

ዕድሜ ይስጥህ፤ ያውም ጉልበት የማያምበት ዕድሜ። እናቴ ማሰሪያውን አድርጋ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደች፤ ምንም የምትፈልገው ነገር ፎቅ ላይ አልነበረም። እሺ፣ አንተ እልሃለሁ፤ እናቴ ከሰማች ግን አንተው ነህ የምታስታርቀን።

ጋሼ፣ ስክሪኗ ግራ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ነው። እኔ ግን ይህን አልጻፍኩልህም።

ሽቦ ይህችን ማሽን እንዴት ያውቃታል ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው። መጻፋቸውን ሳያቆሙ፣

«ሽቦ በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«ይበላል?»

«ይመስለኛል።»

«እንግዲያው እሱን ጠይቂው» አሉና ቀጠሉ። ያን ቀን ግን በአንድ አቤቱታ ላይ ሁለት ስህተት አገኘሁባቸው። ጸሐፊዎቹ ተሰብስበው አዩት፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ቢሮ ታይቶ አያውቅም አሉ።

አሁን የባሰውን ስማ። ከባለሱቁ የድሮ ፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ ተውሼ የእትዬን ፋይሎች ወደ አዲስ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። ከፈትኩት። የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍ፣ ሰባት ቁጥር፣ ደግሞ ቅንፍ። የላፕቶፑ ጥፋት መስሎኝ ወደ ማክ ወሰድኩት፤ ያንኑ ኮተት በሚያምር ፊደል አሳየኝ። ወደ ሊኑክስ ወሰድኩት፤ ያው። እነዚያ በምንም የማይስማሙ ሦስት ባላንጣዎች በእትዬ ፋይል ላይ አንድ ቃል ሆኑ! ያቺ ማሽን የራሷ የፊደል ፕሮግራም አላት። ከእሷ በቀር የትም የማይታወቅ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሷን ቁጥር የሰጠ ነው። አሥራ አንድ ሺህ ሰነድ ውስጧ አለ።

ማተም ብለሃል። ከእሷ ጋር የሚስማማው አንድ ፕሪንተር ነው፤ የእሱ የቀለም ሪባን ከገበያ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታል።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። የሱቋ የኪራይ ውል ውኃ ገብቶበታል፤ አከራዩ «ያንቺ ውል አልቋል» ብሏታል፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኛ ጋ የተጻፈውን ቅጂ ፈለገች። እትዬ ማሽኗን ከፈቱ። ስክሪኑ አልበራም። ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላ የቀሚሷን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሲበራ ሁላችንም እንደ ሕፃን አጨበጨብን፤ ውሉን ከስክሪኑ ላይ እያየሁ በእጄ ገለበጥኩላት። ዳኛው ግን አላጨበጨቡም።

«እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ» አሉኝ ወደ ጎን ወስደው። «ፋይሎቹ ወደ አዲሱ ካልተሻገሩ እትዬም አይሻገሩም። እጃቸው ያቺን ማሽን እንጂ ሌላ አያውቅም፤ በክብር አሰናብታቸዋለሁ። ይህን የምልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም።»

እንግዲህ ከአንተ ምክር መፈለጌን ትቻለሁ። ሠንጠረዡን ላክልኝ፤ የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደሆነ። የሠራሃት አንተ ነህ፣ አይደል?

የአክስትህ የልጅ ልጅ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አሁን ከበሩ ስገባ ገና ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ መስኮቱ ድረስ እንኳ አያደክመኝም። ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጣና ጻፍ። ታመህ ከሆነ ይማርህ፣ ድነህ ጻፍ።

ትናንት ስክሪኑ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀበት።


ታኅሣሥ 20 ቀን

ለልጄ፣

ይህን ከማንበብሽ በፊት ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈሽ ከሆነ ስድቡ ይገባኛል። ልብሽ ሰፊ ይሁን።

አዎ፣ የሠራኋት እኔ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እንዳንቺ ወረቀቴን ይዤ ስዞር ከርሜ እዚያው ቢሮ ገባሁ። እትዬ በጽሕፈት መኪና አሥር ዓመት መትተው እጃቸው የተገራ ነበር። ዳኛው ያኔ ኮምፒውተር ገዝተው አስቀመጡላቸው። የጊዜው የፊደል ፕሮግራም አንዷን ፊደል ለማውጣት ሁለት ሦስት ቁልፍ ያስመታቸዋል። «ልጄ፣ እኔ አሁን እየጻፍኩ ሳይሆን እየቆጠርኩ ነው» አሉኝ። አንድ ወር ሙሉ ከጎናቸው ተቀምጬ የትኛው ጣታቸው ወዴት እንደሚሄድ በደብተር መዘገብኩ። እጅ ሲያስብ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ ፕሮግራሙን ለእሳቸው እጅ ልክ ሰፋሁት።

ጥፋቴ እዚያው ላይ ነው። ለፊደሎቹ የሰጠኋቸው ቁጥር የማንንም ሥርዓት የተከተለ አልነበረም፤ እሳቸው ቶሎ ቶሎ የሚመቱትን ከፊት፣ የማይወዱትን ከኋላ ደረደርኩ። ያኔ እንደ ብልሃት ነበር የቆጠርኩት። «በዓመቴ ተመልሼ ለሌላውም እንዲሆን አደርገዋለሁ» ብያቸው ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ዓለም የተስማማበት የፊደል ቁጥር በየኮምፒውተሩ ገባ፤ እኔ እዚህ ነበርኩ፣ የሰው ኮምፒውተር እየጠገንኩ። ደብተሩ ቤት ስቀይር ጠፋ። ዓመቱ ሁለት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ከዚያ መጻፍ አሳፈረኝ። ጣሏት ያልኩሽ እንዳትከፍቻት ነው፤ አረንጓዴው ጥግ እኔ እያለሁም ነበር።

ሠንጠረዡን አላስታውሰውም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ ሞከርኩ። ከሁለት መቶ ሰባው ፊደል የመጣልኝ ሠላሳ አንዱ ብቻ ነው፤ ከዚህ ጋር አለልሽ። ሠላሳ አንድ ፊደል ይዞ ኑዛዜ አይነበብም፣ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ግን ልበል። በእጄ ካለፉት ማሽኖች ሁሉ ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ሰው እጅ በየቀኑ የሠራ ሌላ አላየሁም። ያቆያት የእኔ ጥበብ አይደለም፣ የእሳቸው እጅ ነው።

ሽቦ


የካቲት 3 ቀን

ለምወድህ ጋሼ ሽቦ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ፣ ተቀምጠህ ከሆነ ተነስ! ጤና ይስጥልኝ የምለውን መጨረሻ ላይ እለዋለሁ፤ አሁን አልችልም።

የታኅሣሥ የመጨረሻ ቀን ነው። ደብዳቤህ ገና አልደረሰም። ለዳኛው መሸነፌን ላሳያቸው ከላፕቶፑ አንድ ገጽ ኮተት አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። «ይኸው፣ በሦስቱም እንዲህ ነው» አልኳቸው። አንገቴን ደፍቻለሁ። እትዬ አንድ ነጋዴ ሊያስፈርሙ ሲያልፉ ወረቀቱን አዩት። አነሱት። መነጽራቸውን አስተካከሉና፣

«እኔ ተናዛዥ አእምሮዬ ሳይጎድል፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የላይኛውን ቤት ለታናሽ ልጄ…»

ጋሼ፣ አነበቡት! ቅንፉን፣ ሰባቱን፣ የፈረንጁን ፊደል፣ እንደ ጋዜጣ! ነጋዴው አፉን ከፍቶ ቀረ። ዳኛው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ እኔ ሲያወርዱት አይቼ አላውቅም።

«እንዴት ነው ይህን የሚያነቡት?»

«መጀመሪያ ሰሞን ፕሪንተሩ ሲያኮርፍ እንዲህ ነበር የሚያወጣው። ሽቦ ሄዷል። ማንን ልጠይቅ? ለመድኩት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እትዬ ወረቀቱን መልሰው እያስቀመጡ። «እናንተ ስትጠይቁ የነበረው ማሽኑን ነው።»

ከዚያ አራት ቀን ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ይህ ምልክት ይህን ፊደል፣ ያ ደግሞ ያንን። ያንተ ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ዘጠኙ ልክ ነው፤ ሁለቱን እትዬ አርመውልሃል፣ በቀይ። ደብዳቤውን ራሱን ልስጣቸው ብል «የተጻፈው ላንቺ ነው» አሉኝ። ምን እንደሚል ግን በቃሌ ስነግራቸው እጃቸው ቁልፎቹ ላይ እንዳለ ሰሙኝ። መጨረሻ ላይ የቀሩ ሁለት ፊደሎች ነበሩ። «እነዚህን ተያቸው። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም በእነሱ ተካስሶ አያውቅም» አሉ።

ሠንጠረዡን ይዤ መለወጫ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ ሰነድ በስድስት ደቂቃ! በመሐሉ ቁጭ ማለት ስላልቻልኩ ውጭ ወጥቼ ፍርድ ቤቱን አንዴ ዞርኩት። ስመለስ ሁሉም ዓለም በሚያውቀው ፊደል ተለውጦ ነበር። ዊንዶውስ ላይ ከፈትኩት፣ ማክ ላይ ከፈትኩት፣ ሊኑክስ ላይ ከፈትኩት፤ «እኔ ተናዛዥ» አሉ ሦስቱም።

ቀጥሎ ፍርዱ። ያንተን ምክር አሰብኩ፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠውን ሰው እይ ብለሃል። የእትዬን የፊደል አጣጣል፣ ማለትም የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚያወጣ፣ በሦስቱም ላይ ሠራሁላቸውና ባለሱቁ ሦስቱንም አውሶን ለአንድ ሳምንት በየተራ ጻፉባቸው። ስለ ዊንዶውስ «ይሄ የሠለጠነ ነው፣ የማላውቀውንም ያውቅልኛል» አሉ። ማክን በሁለት ጣት ዳሰሱት፤ «ይሄስ ለሠርግ ነው። እጄን ሳልታጠብ አልነካውም።» ከመደርደሪያ ሥር የወጣችው፣ ሊኑክስ የጫንኩባት ወፍራም ማሽን ጋ ሲደርሱ ግን ቆዩ። ቁልፎቿ ወደ ውስጥ ጠለቅ ይላሉ፤ እሱን ወደዱት። ከዚያ «ይህን ከላይ ያለውን አንሺልኝ» አሉ። አነሳሁ። «ይህን ከጎን ያለውንም።» አነሳሁ። «ሰዓቱ ምን ይሠራል? ግድግዳው ላይ አለ።» አነሳሁት። ነጭ ወረቀት ብቻ ቀረ። «አሁን ገና» አሉና ጀመሩ። ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ ጨረሱ። እኔ አሁንም ማኩን ሳይ ልቤ ይሄዳል፤ ግን ለሌሎቹ ወንበሮች ያንተ ዊንዶውስ ይሁን ብዬ፣ ለእትዬ ጥግ እጃቸውን አይቼ አንድ ቃሌን ጻፍኩ። ሊኑክስ።

ዳኛው አንድ ገጼን አነበቡ። ከዚያ፣

«ዋሱ ማነው?» አሉ።

«ምን ዋስ?»

«ሁለቱን ሱቁ ለዓመት ዋስ ይሆንባቸዋል። የነጻው ሲበላሽ ማንን እከሳለሁ?»

«እኔን።»

«አንቺን! እናንተ ልጆች ዓመት አትቆዩም። ከዚህ በፊት አንዱ ከዚያች ጥግ በዓመቴ እመለሳለሁ ብሎኝ ሄዷል።»

«ምሳውን እንኳ ሳይበላ» አሉ እትዬ ከወንበራቸው።

«አንድ ዋስ አይበቃኝም» አሉ ዳኛው። «ሁለተኛ አምጪና እትዬ እዚህች ማሽን ላይ ይቀመጣሉ፣ አንቺም ትቀጠሪያለሽ። ሁለተኛ ከሌለ ከሱቁ በዋስትና እገዛለሁ፤ እትዬ ከለመዱት ለመዱት።»

ጋሼ፣ ይህን የጻፍኩልህ ወሬውን እንድትሰማ ነው እንጂ ምንም አልጠየቅኩህም።

አብሮ የተላከው ፍላሽ ላይ ሙሉው ሠንጠረዥ፣ የፊደል አጣጣሉና አንድ ፋይል አለ። የሠንጠረዡን አንድ ቅጂ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ የማንም እንዲሆን። ፋይሉ የመጀመሪያው ነው፤ ቁጥር አንድ። ቀኑን ሳየው አንተ ፕሮግራሙን የጨረስክበት ሳይሆን አይቀርም። እትዬ «ላኪለት፤ ያኔ እጄን እንጂ ስክሪኑን አያይም ነበር፤ ፕሪንተርም ስላልነበረን አላነበበውም» ብለውኛል። እንዲህ ይላል፦

«ሀ ለ ሐ መ። ለሙከራ የተጻፈ። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ትንፋሹን ይዟል። ጣቴ ወደሚሄድበት ፊደሉ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቀኛል። እጄን እንዲህ አድርጎ ያየው ሰው አልነበረም። ይተንፍስ እንግዲህ፤ ይሠራል።»

ጤና ይስጥልኝ።

የአክስትህ የልጅ ልጅ


የካቲት 26 ቀን

ለልጄ፣

ያንቺ ደስታ ይርዘምልኝ። ፋይሉን ምድር ቤት ሆኜ በሦስቱም ማሽን ላይ ጎን ለጎን ከፈትኩት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገብቶ «የትኛውን እየመረጥክ ነው?» አለኝ።

የእትዬን የፊደል አጣጣል የራሴ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩና ከዚህ በታች ያለውን በእሱ ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ነው፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ለዳኛው ስጪልኝ።

«እኔ፣ በቤተሰቤ ዘንድ ሽቦ የምባለው፣ በጽሕፈት ቢሮው ጥግ የሚተከለው ሊኑክስና በላዩ ያለው የፊደል አጣጣል ቢበላሽ፣ ቢያኮርፍ፣ ወይም የጸሐፊዋን ጣት ቢያስጠብቅ፣ ሲጠሩኝ በደብዳቤ፣ ካልበቃም በስልክ፣ ካልበቃም በአካል ቀርቤ ለመጠገን፣ ከአንደኛዋ ዋስ ጋር በአንድነትና በተናጠል ኃላፊ የሆንኩ መሆኔን በፈቃዴ አረጋግጣለሁ። ከዚህ ቀደም የገባሁትን ቃል አለመፈጸሜንም አምናለሁ። ስልኬ ከዚህ በታች ተጽፏል፤ አነሳለሁ።»

ፈርሜበታለሁ። የምስክሩን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። እትዬ ይፈርሙበት፤ ከፈቀዱ።

ሽቦ